ዛፍ የማትወጣው የዛፍ እንቁራሪት

እንቁራሪትን የማያውቅ የፎገራ ልጅ የለም። ክረምት ገብቶ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናም በወረደ ሌሊት፣ ርብና ጉማራ ገና ሳይሞሉ፣ ሜዳው ሁሉ በጩኸታቸው ይናወጣል። ይሁን እንጂ «ስንት ዓይነት እንቁራሪት ታውቃለህ?» ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ከሁለት በላይ የሚቆጥር ከመካከላችን እምብዛም አይገኝም። ቆዳዋ ለስላሳ የሆነችውን እንቁራሪት፣ የሻከረችውን ደግሞ ጓጉንቸር ብለን እናበቃለን። አጎቴን በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት አፍንጫዋ ሹል የሆነ ፍጥረት አሳይቼ «አጎቴ፣ ይህችስ ማን ትባላለች?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እንቁራሪት ናታ! ደግሞ ሌላ ስም ልታወጣላት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

የሳይንስ ሊቃውንት ግን ብዙ ስም አውጥተዋል። በኢትዮጵያ በውኃና በየብስ ከሚኖሩት፣ አምፊቢያን ከሚባሉት እንስሳት መካከል ከ70 የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህም ከሲሶ የሚበልጡት ከአገራችን በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ስለ ዋሊያና ስለ ቀይ ቀበሮ በትምህርት ቤት ስንማር እንኮራለን፤ ከቤታችን በር ላይ የሚጮኸውን የአገር ብቸኛ ሀብት ግን በእግራችን ተራምደነው እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ሁሉ መርጬ ስለ ዛፍ እንቁራሪቶች እጽፋለሁ፤ የእኛዎቹ ያደረጉት ነገር እጅግ እንግዳ ነውና።

በመጀመሪያ የዛፍ እንቁራሪት ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ እስያ መሻገር ያስፈልጋል። በ1855 እ.ኤ.አ. ገደማ አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በቦርኔዮ ደሴት፣ ሳራዋክ በሚባለው አገር ነፍሳትና ወፎች ይሰበስብ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቻይናዊ ሠራተኛ ትልቅ እንቁራሪት ይዞለት መጣና ከረጅም ዛፍ ላይ ወደ ታች አግድም ስትበር ማየቱን ነገረው። ዋላስም መርምሮ ባያት ጊዜ ጣቶቿ እጅግ ረጃጅሞች፣ በጣቶቿም መካከል እስከ ጫፍ ድረስ ስስ ቆዳ የተዘረጋባት ሆና አገኛት። የአካሏ ርዝመት 10 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ የአራቱ እግሮቿ ቆዳ ሲዘረጋ በአንድነት ወደ 12 ኢንች ካሬ ይሆናል ብሎ በ1869 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ጽፏል። እርግጥ እንደ ወፍ አትበርም፤ ክንፍ የላትምና። ነገር ግን ከቅርንጫፍ ላይ ዘልላ አራቱን እግሮቿን ስትዘረጋ፣ ቆዳው አየሩን ይይዝላትና አዘንብላ በዝግታ ወደ ሌላው ዛፍ ትደርሳለች።

የዚህች እንቁራሪት እግር ሌላም ተአምር አለው። በየጣቷ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ቁልፍ ያለ ክብ ትራስ አላት። ይህ ትራስ በማጉያ መሣሪያ ሲታይ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ በክፍሎቹም መካከል ባለው ስንጥቅ እርጥብ ንፍጥ ይፈስሳል። እርጥብ ወረቀት በመስኮት መስተዋት ላይ እንደሚለጠፍ ሁሉ፣ እንቁራሪቷም በዚህ እርጥበት አማካይነት በለሰለሰ ቅጠል ላይ ቀጥ ብላ ትወጣለች። እንቁላሏንም የምትጥለው በውኃ ውስጥ አይደለም። ከኩሬ በላይ በተንጠለጠለ ቅጠል ላይ ሆና ከሰውነቷ የሚወጣውን ፈሳሽ በኋላ እግሮቿ እየመታች እንደ ጠላ አረፋ ታስነሣዋለች፤ እንቁላሎቹንም በአረፋው ውስጥ ትተዋቸዋለች። ከውጭ ያለው አረፋ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ጅራታሞቹ ልጆች በተፈለፈሉ ጊዜ አረፋው ይሟሟና ከሥር ወዳለው ውኃ ጠብ ጠብ ይላሉ። በዚያ አገር ዝናም ዓመቱን ሙሉ ስለማይቋረጥና ዛፉ ከዛፉ ጋር ስለሚነካካ፣ እንዲህ ያለች እንቁራሪት ከምድር ጋር ብዙ ጉዳይ የላትም።

ለዚህች የቦርኔዮ እንቁራሪት በ1895 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ስሟን የሰጣት ጆርጅ አልበርት ቡሌንጀር የተባለ፣ ትውልዱ ቤልጅግ የሆነ፣ ሎንዶን በሚገኘው የብሪታኒያ ሙዚየም ይሠራ የነበረ ሊቅ ነው። ውድ አንባቢ፣ የእኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡሌንጀር በማግሥቱ ዓመት በ1896 እ.ኤ.አ. ከሸዋ ለተገኘች የዛፍ እንቁራሪት ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ የሚለውን ስም ሰጣት፤ ይህም በሸዋ በነበረው በጣሊያናዊው ሐኪም በቪንቼንዞ ራጋዚ መታሰቢያነት ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያትን ሰየመ። እነዚህ የተገኙት በደቡብ ኢትዮጵያ ከተዘዋወረው ከቦቴጎ ጓዝ ነው። ቪቶሪዮ ቦቴጎ ራሱ በ1897 እ.ኤ.አ. በወለጋ ምድር ተገድሎ ቀረ፤ የሰበሰባቸው እንስሳት ግን በአልኮል ውስጥ ተነክረው አውሮፓ ደረሱ። አንዷ በጓደኛው ስም ሌፕቶፔሊስ ቫኑቴሊ ተባለች። ሌላይቱ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔውስ ተባለች፤ ግራሚኔውስ በላቲን ቋንቋ «የሣር» እንደ ማለት ነው። የአገራችን ፍጥረታት ስም በሎንዶን መውጣቱ አንዳንዱን ሰው ቅር ሊያሰኝ ይችላል። እኔ ግን ቅር የሚለኝ እኛ በራሳችን ቋንቋ እስከ ዛሬ አንድም ስም ሳንጨምርላቸው መቅረታችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቦርኔዮዋና የኢትዮጵያዎቹ እንቁራሪቶች የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም፤ የእስያዎቹ በአንድ ቤተሰብ፣ የእኛዎቹ በሌላ ቤተሰብ የሚቆጠሩ ናቸው። በጣታቸው ጫፍ ያለው ትራስ የተመሳሰለው የአንድ አያት ልጆች ስለ ሆኑ ሳይሆን፣ ኑሮው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ነው። ዛፍ የሚወጣ ሁሉ የሚይዝበት ነገር ያስፈልገዋል።

ራጋዚና ቫኑቴሊ በጫካ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። በተለይም ቫኑቴሊ ቡና በዱር በሚበቅልበት በደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ ትገኛለች። በዚያው በደቡብ ምዕራብ፣ ከሌላ ወገን የሆነች አንዲት ትንሽ እንቁራሪት በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ፣ ውኃ በሚጠራቀምበት ሥፍራ ትኖራለች። ማልኮልም ላርገን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1974 እ.ኤ.አ. አፍሪክሳለስ እንሰቲኮላ ብሎ ስሟን ከእንሰት አወጣላት። እንሰት የሚተክል ገበሬ ሳያስበው ለእንቁራሪት ቤት ሠራላት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛይቱ፣ ወደ ሣሯ እንቁራሪት እንምጣ። የዛፍ እንቁራሪቶች ወገን ናት፤ ሌፕቶፔሊስ ከሚባለው ነገድ ውስጥ በአፍሪካ የሚገኙት አያሌ ዘመዶቿ በቅርንጫፍ ላይ ይኖራሉ። እርስዋ ግን ዛፍ አትወጣም። የምትኖረው በደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ውርጩ አገር ድረስ፣ በሣር ሜዳ ውስጥ ነው። በጣቷ ጫፍ ያ ክብ ትራስ የለም። በምትኩም በኋላ እግሯ ላይ፣ በተረከዟ አጠገብ፣ እንደ አካፋ ያለ ጠንካራ ጉብታ አላት። በዚህ ጉብታ አፈሩን ወደ ጎን እየገፋች፣ ወደ ኋላዋ እየሰመጠች፣ መሬት ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ስሟ የዛፍ እንቁራሪት፣ ሥራዋ ግን የቆፋሪ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የዚህን ምክንያት ለመረዳት አገሩን ማየት ይበቃል። በደጋው አናት ላይ ቅጠሉ የሚነካካ ደን የለም፤ ሣርና አልፎ አልፎ ቁጥቋጦ ነው። ዝናሙ በክረምት ይወርድና ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ፀሐዩ ይከርራል፤ ሌሊቱም ውርጭ ነው። የእንቁራሪት ቆዳ ደግሞ እንደ እንሽላሊት ቆዳ ውኃ አይቋጥርም። እንቁራሪት አፏን ከፍታ ውኃ አትጠጣም፤ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ ከምትተነፍሰውም አየር ከፊሉ በቆዳዋ በኩል ያልፋል። ቆዳዋ የደረቀ እንደ ሆነ ትሞታለች። በቦርኔዮ እርጥበቱ በዛፍ ላይ አለ፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን በበጋ ወራት እርጥበት የሚገኘው ከአፈር በታች ነው። እንቁራሪቷም እርጥበቱ ባለበት ሄደች። የዚህ ነገድ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን በውኃ አጠገብ በእርጥብ አፈር ውስጥ መቅበራቸውም ከዚህ ኑሮ ጋር ይስማማል፤ ልጆቹ ሲፈለፈሉ እየተንፈራገጡ ወደ ውኃው ይገባሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የተደረገ አይደለም። ሊቃውንት በቅርብ ዓመታት የእነዚህን እንቁራሪቶች ዘር በዲ ኤን ኤ ምርመራ ሲመለከቱ፣ ግራሚኔውስ ተብላ እንደ አንዲት ትቆጠር የነበረችው ከአንድ በላይ ዝርያ ሆና አገኟት። ስምጥ ሸለቆ ደጋውን ለሁለት ስለ ከፈለው፣ በምሥራቅ ያሉትና በምዕራብ ያሉት ሳይገናኙ ብዙ ዘመን ኖረው ተለያይተዋል። ለሰው ስምጥ ሸለቆን መሻገር የግማሽ ቀን የመኪና መንገድ ነው፤ ጣት ለምታህል እርጥብ እንስሳ ግን ሞቃቱና ደረቁ ቆላ እንደ ባሕር ነው። ከዓባይ ማዶ በጎጃምም እንዲሁ የራሱ ዝርያ አለ፤ ያው ላርገን በ1977 እ.ኤ.አ. ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ብሎ ሰይሞታል። አንዲት እንቁራሪት ከዛፍ ወርዳ አካፋ እስክታበቅል ድረስ የወሰደው ጊዜ በዓመት ሳይሆን በሚሊዮን ዓመት የሚቆጠር ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለሣሯ እንቁራሪት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ለእርስዋ የሚስማማው ከሜዳው በላይ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና የሚወጣው ዓይነት ደጋ ነው። ሜዳው ግን የራሱ ነዋሪዎች አሉት። በአጎቴ ድንበር ላይ የተቀመጠችው፣ አፍንጫዋ ሹል፣ እግሯ ረጅም፣ በጀርባዋ ላይ ቀጥ ያሉ ሽንትሮች ያሉባት ፕቲካዴና ከሚባለው ነገድ ናት። በዝላይ የሚተካከላት የለም። የዚህም ነገድ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብዙ ዝርያ አለው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከተሰየሙት አንዱ ፕቲካዴና አምሃሬንሲስ ተብሎ የአማራን ስም ይዟል። ሁለተኛይቱ ዜኖፐስ ክሊቪ ናት። ይህች ከውኃ እምብዛም አትወጣም፤ ምላስ የላትም፤ በኋላ እግሯ ሦስት ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር አላት። የደቡብ አፍሪካ ዘመዷ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በሐኪም ቤት ሴት ማርገዟን ለማወቅ ታገለግል ነበር፤ የነፍሰ ጡር ሴት ሽንት የተወጋች እንደ ሆነ በሰዓታት ውስጥ እንቁላል ትጥላለችና። ሦስተኛዎቹ ደግሞ በፊላና በደንገል ላይ የሚንጠላጠሉት፣ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጡ ትንንሾች ናቸው። እነዚህ በጣታቸው ጫፍ ላይ እውነተኛ ትራስ አላቸው። እንግዲህ በእኛ አገር ነገሩ ተገልብጧል፤ የዛፍ እንቁራሪት የምትባለው ምድር ትቆፍራለች፤ የዛፍ ስም የሌላቸው ደግሞ በሸምበቆ ላይ ይወጣሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ሜዳችን ነው።

ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት ነው። ከዚያ በፊት ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበረ፤ ከግጦሽ በቀር ለብዙ ነገር አይሆንም ይባል ነበር። ዛሬ ኤክስ ጅግና የተባለውን ሩዝ የማያውቅ ቤት የለም፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። እኔም ራሴ ደብተሬና የደንብ ልብሴ የተገዙት ከሩዝ በተገኘ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ሩዝን የሚያማ ጽሑፍ ልጽፍ አልችልም፤ ብጽፍም እውነት አይሆንም። ደግሞም የሩዝ ማሳ ለእንቁራሪት መጥፎ ቤት አይደለም። በእስያ የሩዝ ማሳ ዳር ላይ የአረፋ ቤት የሚሠሩ የዛፍ እንቁራሪቶች አሉ። የእኛዎቹም በሐምሌና በነሐሴ በሩዙ መካከል ሲጮኹ ይሰማሉ፤ ሩዙን ከሚበሉት ነፍሳትም ብዙውን ይለቅማሉ። (አንዳንድ ሰዎች እንቁራሪት የወባ ትንኝን ትጨርሳለች ይላሉ፤ ይህ የተጋነነ ነው። ትንኝ ትበላለች እንጂ አጎበርን አትተካም።)

ጭንቁ የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጥንት ሜዳው ሲደርቅ እንቁራሪቶቹ የሚሸሹባቸው ረግረጎች ነበሩ፤ ከእነርሱም የታወቁት ሸሸርና ወላላ ናቸው። እነዚህ ረግረጎች ጣናና ርብ ሲጎድሉ እንኳ ውኃ ይዘው ይቆዩ ነበር። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ውኃቸው በመሳቢያ ሞተር ለመስኖ ስለሚወሰድና ዳር ዳራቸው ስለሚታረስ እጅግ ጠበቡ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራል፤ ውኃ ባለበትም ሽንኩርት ይተከላል። በሽንኩርት ላይ መድኃኒት ይረጫል፤ በሩዝም ውስጥ አረሙን ለመግደል ቱፎርዲ ይረጫል። ገበሬው መርጫውን ተሸክሞ ሲሄድ የሚያስበው አረሙንና ተባዩን ነው። ነገር ግን በቆዳዋ ለምትጠጣ እንስሳ፣ በውኃ ውስጥ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ወደ ደሟ የሚገባ ነው። እንቁላሏም እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት የለውም፤ ጅራታሙም ልጅ ከኩሬው ወጥቶ የሚሸሽበት እግር ገና አላበቀለም። ስለዚህ መርጫውን በቦይና በኩሬ ውስጥ ማጠብ ማሳውን ከመርጨት ይልቅ የከፋ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ለማንም ጥቅም የሌለው ጥፋት ነውና። ይህንን ለአጎቴ ብነግረው፣ «ታዲያ ማሳው ዳር ላይ አጥበዋለሁ፤ ይህ ምን ይከብዳል?» አለ። እውነትም አይከብድም። የሚከብደው የረግረጉ ነገር ነው፤ ያንን አንድ ገበሬ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «የሣሯ እንቁራሪት ከዛፍ ወርዳ ከተላመደች፣ የእኛዎቹስ ለምን ከአዲሱ ኑሮ ጋር አይላመዱም?» ብለው ተከራክረውኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱም ቀደም ብዬ እንዲታወስ በለመንሁት ቁጥር ውስጥ አለ። ሣሯ እንቁራሪት አካፋ ለማብቀል ሚሊዮን ዓመታት ነበሯት፤ ሩዝ በፎገራ ገና ከ40 ዓመት ጥቂት የሚያልፍ ዕድሜ ነው ያለው፤ የመሳቢያው ሞተር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከዚህም በቀር መላመድ ማለት ሁሉም ይለወጣል ማለት አይደለም፤ ያልተለወጡት ይጠፋሉ ማለትም ነው። በባሌ ተራሮች ላይ ከዚያ በቀር በየትም የማይገኙ እንቁራሪቶች አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ዓመታት ጥናት እንደሚያስረዳው ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኗል፤ ከእነርሱም ኤሪካባትራከስ የምትባለው በ1991 እ.ኤ.አ. ገና ስም ከማግኘቷ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብታለች። በዚያ ደኑ እየተመነጠረ፣ የጅረቱም ዳር በከብት እየተረገጠ ሄዷል። ስሟን ባወጣላትና የጥፋቷን ወሬ በሰማንበት መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን ያነሰ ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ያነበበ ተማሪ በመጪው ክረምት ራሱ እንዲመለከት የማወቂያውን መንገድ ልንገር። ጀርባዋን መመርመር አያስፈልግም፤ መልኳ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣልና። የሚታየው እግሯ ነው። የሚይዝ ሰው እጁን አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ያርጥብ፤ ደረቅ እጅ ቆዳዋን ይጎዳዋል፤ ሳሙናና ቅባትም ከእጁ ላይ ይታጠብ። በኋላ እግሯ ላይ ጥቁር ጥፍር ካለ ዜኖፐስ ናት። እግሯ ከአካሏ በጣም የረዘመና ጣቶቿ ሹል ከሆኑ፣ በጀርባዋም ሽንትር ካለ፣ ፕቲካዴና ናት። በደንገል ላይ ተንጠልጥላ ከተገኘች ጣቷን ይመልከት፤ ክቡን ትራስ ያያል። የሣሯን ዘመድ የሚሻ ግን የደብረ ታቦርን መንገድ ይዞ ወደ ደጋው ሣር ይውጣ፤ ዝናም ባባራ ምሽትም ባትሪ ይዞ ቀና ብሎ ሳይሆን አጎንብሶ ይፈልግ። ብትገኝለት በጣቷ ጫፍ ምንም አያይም፤ በተረከዟ አጠገብ ያለውን ጉብታ በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ቢዳስሰው ግን እንደ ጥፍር ጠንክሮ ያገኘዋል።